«ታዲያ እኛ ምንድን ነን?» ስለ አገር በቀል አበባና ስለ መጤነት



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አበባ ነው። በእንግሊዝኛ ሚልክዊድ ትባላለች፤ ቅጠሏ ሲቆረጥ እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ስለሚወጣው ነው። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅሉ በርካታ ዓይነቶች አሏት። በዊተንና በሲልቨር ስፕሪንግ ግቢዎች በብዛት የምታዩዋቸው ሦስቱ ናቸው፤ ከጉልበት ብዙም የማታልፈው ብርቱካናማዋ፣ እርጥብ መሬት የምትወደው ሮዝማዋ፣ እና በየመንገዱ ዳር ቆማ የምትታየው ረጅሟ። ብርቱካናማዋን ሰዉ «በተርፍላይ ዊድ» ይላታል። «ዊድ» አረም ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አረም ብሎ የሰየማት ሰው ምን እንደበደለችው ባላውቅም ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀርቷል።

ባለፈው ኤፕሪል ከወጣቶቻችን ጋር ጥቂት ችግኝ ስንተክል አንድ የ15 ዓመት ልጅ በችግኙ ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበ። «ኔቲቭ» ይላል። «ኔቲቭ ያልሆነ ተክል መጥፎ ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የሚጎዱ እንዳሉ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ እኛ ምንድን ነን?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ግን አልቀለደም።

ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጠየቀው እንጂ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ያም ነበር። በአማርኛ የ«አገር በቀል» ተቃራኒ «መጤ» ነው። የግብርና ባለሙያዎች «መጤ አረም» ሲሉ ስለ ተክል ነው የሚያወሩት። ግን ይኸው ቃል አገር ቤት ለሰውም ይውላል። ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ «መጤ» ተብሎ ስንት ቤተሰብ ከኖረበት ቀዬ እንደተነሳ ይነግሯችኋል። እናንተ ደግሞ እዚህ ተወልዳችሁ፣ እዚሁ ተምራችሁ፣ «አይ፣ መሠረትሽ ከየት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከአንድም ሁለት ጊዜ ሰምታችኋል። ስለዚህ ልጁ የጠየቀው የአትክልት ጥያቄ አይደለም። እኔም ስለ አትክልት ብቻ መልሼ ላልፈው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ግን ቃሉ በተክሎች ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ እንየው። ሞናርክ የምትባለው ብርቱካናማና ጥቁር ቢራቢሮ ልጆቿን የምታሳድገው በሚልክዊድ ላይ ብቻ ነው። እንቁላሏን አንድ በአንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቅጠሉ በታች በኩል ትጥላለች። ከ4 ቀን ገደማ በኋላ ትንሽ ትል ይወጣል፤ ለ2 ሳምንት ያህል ያንኑ ቅጠል እየበላ ክብደቱን ወደ 2000 እጥፍ ያሳድጋል። ጎመን ብትሰጡት፣ ሰላጣ ብትሰጡት ይሞታል እንጂ አይበላም። የተክሏ ነጭ ፈሳሽ መርዝነት አለው፤ ትሉ ግን መርዙን በሰውነቱ ያከማቸዋል፤ ቢራቢሮ ሆኖ ከወጣ በኋላ የቀመሰው ወፍ ያስመልሰዋል። ሱብሐነላህ፣ ሌላውን የሚያባርረው መርዝ ለዚህች ፍጡር ምግብም ጋሻም ሆኖላታል።

በሰመር የሚወጡት ሞናርኮች የሚኖሩት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ነው። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም የሚወጡት ግን እስከ 8 ወር ይኖራሉ፤ ከዚህ ተነስተው ወደ መካከለኛው ሜክሲኮ፣ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳሉ የተራራ ደኖች ይበራሉ። ቦታውን እነሱም፣ ወላጆቻቸውም፣ አያቶቻቸውም አይተውት አያውቁም። ሳይንቲስቶች ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ የዚያ አገር ገበሬዎች ግን ድሮም ያውቁ ነበር። በ1996–97 ክረምት እዚያ ያረፉት ሞናርኮች 18 ሄክታር ያህል ደን ሸፍነው ነበር። በ2023–24 ክረምት የሸፈኑት 0.9 ሄክታር ብቻ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ 1.79 ከፍ ብሏል። የደኑ መመናመንና የአየር ጠባዩ መለወጥ አለበት፤ ትልቁ ምክንያት ተብለው ከሚጠቀሱት አንዱ ግን በሰፋፊ እርሻዎች ላይ በአረም ማጥፊያ መድኃኒት ሚልክዊድ መጥፋቷ ነው። በዲሴምበር 2024 የአሜሪካ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሞናርክ ለአደጋ ከተጋለጡ ፍጥረታት ተርታ እንድትመዘገብ ሐሳብ አቅርቧል።

ሞናርክን የስደተኛ ምልክት ማድረግ እዚህ አገር ተለምዷል፤ በፖስተርም በግድግዳ ሥዕልም ታዩታላችሁ። እኔን ብዙም አይጥመኝም። ቢራቢሮዋ መንገዷን አልመረጠችም፤ ሰው ግን ይመርጣል፣ ይጠየቃልም። ለእኛ ከቢራቢሮዋ ይልቅ የምትቀርበው አበባዋ ትመስለኛለች።

በሙያዬ ኢንጂነር ነኝ። አንድ ዕቃ የአንድ ሥርዓት አካል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ስንፈልግ የት አገር ተሠራ ብለን አንጠይቅም፤ ቢወጣ ምን ይቆማል ብለን ነው የምንጠይቀው። ሚልክዊድን ከሜሪላንድ ብታወጧት ሞናርክ ትቆማለች። «አገር በቀል» የሚለው ቃል ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። ተክሏ ከሌላው ተክል የተሻለ ደም የላትም፤ ቀድማ ስለመጣችም ብቻ አይደለም። ረጅም ዘመን በመቆየቷ ሌሎች ኑሯቸውን በእሷ ላይ ስለሠሩ ነው። በአጭሩ፣ እዚህ የሚበላት አለ።

«መጤ» የሚለውንም በዚሁ መለኪያ እዩት። በጣና ሐይቅ ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ የተንሰራፋው እምቦጭ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ውሃውን ሸፍኖ ዓሣ አጥማጁን ከጀልባው፣ ከብቱን ከግጦሹ ያፈናቀለ አረም ነው። በርበሬስ? በርበሬም የመጣው ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምበስ በ1492 ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት በአፍሪካ ምድር በርበሬ የሚባል ነገር አልነበረም። እናታችሁን «ማሚ፣ በርበሬ እኮ መጤ ነው» ብትሏት ምን እንደምትላችሁ መገመት አያቅተኝም። ሁለቱም ከአንድ አህጉር ተነስተው አንድ አገር ገቡ፤ አንዱ ጎረቤቱን አነቀ፣ ሌላው ከማዕዱ ተቀመጠ። የማር ንብ ራሷ እዚህ አሜሪካ መጤ ናት፤ ከአውሮፓ ተጭና ቨርጂኒያ የገባችው በ1622 ነው። በስሊጎ ክሪክ ዳር ስትሄዱ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የምታዩት ኢንግሊሽ አይቪ ደግሞ ከአውሮፓ መጥቶ ዛፍ ይገድላል፤ የካውንቲው ፓርኮች በጎ ፈቃደኞችን አሰልጥነው እሱንና መሰሎቹን ያስነቅላሉ። ጥፋቱ ከሌላ አገር መምጣቱ ሳይሆን ለሌላው ምንም ሳያተርፍ ሁሉንም መያዙ ነው።

ስለ ስም ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የረጅሟ ሚልክዊድ ሳይንሳዊ ስም አስክሌፒያስ ሲሪያካ ነው። ሲሪያካ፣ የሶሪያዋ ማለት ነው! በ1635 አንድ የፈረንሳይ ሐኪም ከምሥራቅ የመጣች መስላው የሶሪያ ተክል ብሎ ጻፋት፤ ሊኒየስም በ1753 ስሙን እንዳለ አጸደቀው። ከሰሜን አሜሪካ በቀር ሌላ አገር የሌላት ተክል እስከ ዛሬ ሶሪያዊት ተብላ ተመዝግባ ትኖራለች። «መሠረትሽ ከየት ነው?» ለሰለቻችሁ እህቶቼ ይህን በፈገግታ እንድታነቡት ነው። እውነተኛዋ የእኛ አካባቢ ዘመዷ በአፋርና በአዋሽ ቆላ የሚበቅለው ጦቢያው ነው፤ እሱም ወተት አለው፣ የሞናርክ ዘመድ የሆነች ብርቱካናማ ቢራቢሮም ልጆቿን ታሳድግበታለች።

ይህን ሐሳብ ለወጣቶቹ ሳካፍላቸው አንዲት እህት ተቃወመችኝ። «የክፍሌ ልጆች እዚህ ለመኖር ምንም ማስረጃ አይጠየቁም። እኔ ለምንድን ነው ጠቃሚ መሆኔን የማስመሰክረው? ካልጠቀምኩ ልነቀል ነው?» አለችኝ። ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ ብዙ አሰብኩበት። ሰው ተክል አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) የአደምን ልጆች እንዳከበራቸው ሲነግረን ጠቃሚዎቹን ብቻ አላለም። ታማሚውም፣ አዛውንቱም፣ ገና ቋንቋ ያልለመደው መጤም ሐቁ ሙሉ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር መለየት አለብን፤ ሐቅ እና ኢሕሳን። ሐቅሽን ለማግኘት ለማንም ምንም ማሳየት የለብሽም። ኢሕሳንሽ ግን የጎረቤት ፈተና አይደለም፤ በአንቺና በአላህ መካከል ያለ ነው። «እዚህ እንድኖር ይፈቀድልኛል?» የሚለውን ሌላው ይመልሰው፣ ግዴታውም የእሱ ነው። «በእኔ ምክንያት እዚህ ማን ይኖራል?» የሚለውን ግን ከእኔ ሌላ የሚመልሰው የለም።

የመዲና ታሪክ ሁለቱንም አንድ ላይ ያሳየናል። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ከመካ ባዶ እጁን ሲመጣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሩ ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር ወንድም አደረጓቸው። ሰዕድ የሀብቱን ግማሽ ሊሰጠው አቀረበለት። ልብ በሉ፤ ምን ትጠቅመናለህ ብሎ አልጠየቀውም። ዐብዱረሕማን ደግሞ ለወንድሙ በረካ ለምኖለት ገበያው የት እንደሆነ ጠየቀ፤ በአይብና በቅቤ ንግድ ጀመረ። ሰዕድ የእንግዳውን ሐቅ አልሸራረፈም፤ እንግዳውም ተቀባይ ብቻ ሆኖ መቅረትን አልወደደም። ማንም ማንንም አላስገደደም።

የእናንተ ዓይነት ልጆችም በዚያ ዘመን ነበሩ፤ ብዙ ጊዜ አይነገርላቸውም። ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሓቦች እዚያ ልጆች ወልደዋል። ዐብዱላህ ኢብኑ ጀዕፈር ሐበሻ ተወልዶ፣ አባቱ ጀዕፈር በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲመለስ ነው መዲና የገባው፤ ካደገ በኋላ በልግስናው ስሙ የሚጠራ ሰው ሆነ። ኡሙ ኻሊድ የምትባል ሌላ ልጅ ደግሞ ከሐበሻ ተመልሳ መዲና ስትደርስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለበት ልብስ አልብሰዋት፣ ጥለቱን እያሳዩ በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» እንዳሏት ቡኻሪ ዘግቧል። ቆንጆ ነው ማለታቸው ነው። ግዕዝ የሚያውቅ «ሠናይ»ን ይሰማበታል። አዲስ አገር የገባችን ሕፃን በተወለደችበት አገር ቃል ነው ያነጋገሯት። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልጆቻችን መስጂድ ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያወሩ የምንቆጣው ነገር ትዝ ይለኛል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ላንሳ፤ ከአበባው ብዙ አንርቅም። በየሱቁ «የቢራቢሮ ቁጥቋጦ» ተብሎ የሚሸጥ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል አለ፤ ከእስያ የመጣ ነው። እውነት ነው ቢራቢሮ ይሰበስባል፤ ማሩ ብዙ ነው። ቅጠሉን ግን የእዚህ አካባቢ ትሎች እምብዛም አይበሉትም። ትልልቆቹ መጥተው ጠጥተው ይሄዳሉ፤ ልጆቻቸው የሚያድጉበት የለም። አንዳንድ ስብሰባዎቻችን ይህን ተክል ይመስሉኛል። ለአባቶች ቡና አለ፣ ወሬ አለ፣ የአገር ቤት ፖለቲካ አለ፤ ልጆቹ ግን ጥግ ላይ ስልካቸውን ይዘው የሚነሳበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። ቅጠሉን ማስበላት ያስፈልጋል፤ ቅጠሉ መበሳት አለበት። ሚልክዊድ የተከለ ሰው በጁላይ መጨረሻ ግቢው ያማረ አይደለም፤ ቅጠሉ ተበልቶ ግንዱ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው ያኔ ይደነግጥና መድኃኒት ይረጫል። ለመበላት ያልፈቀደ ሰው ሚልክዊድን ባይተክል ይሻላል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት ነግረውናል፤ በሙስሊም ዘገባ የተሰረቀበት እንኳ ሶደቃ ነው። ይህን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ የማስበው ግን ስለ ፍሬ ዛፍ ነበር፤ ባለቤቱ የሚፈልገው ነገር ኖሮ ትርፉን ሌላው ሲቀምሰው። ሚልክዊድ ለእኛ ፍሬ የላትም። የሚበላላት ትል አመሰግናለሁ አይልም፣ ከሜክሲኮም ወደ እኛ ግቢ ተመልሶ አይመጣም። ኒያን እንዲህ የሚያጠራ ሌላ ሥራ ብዙ አላውቅም። «በሰው ልጅ ላይ ይህ ሁሉ እየደረሰ ስለ ቢራቢሮ?» የሚለኝ ይኖራል። ሰው ይቀድማል፤ አንድ ችግኝ ግን ከዘካችንም ከዱዓችንም የሚያጎድለው የለም።

አሁን ወደ እናቶቻችን ጓሮ እንግባ። በዊተን አካባቢ ካሉ የሐበሻ ቤቶች ስንቱ ጤና አዳም እንዳለው ቆጥሬ አላውቅም፤ ብቻ ብዙ ነው። ጤና አዳም የዚህ አገር ተክል አይደለም። ነገር ግን ብላክ ስዋሎውቴይል የምትባለው የሜሪላንድ ተወላጅ ጥቁር ቢራቢሮ እንቁላሏን ትጥልበታለች። ትሎቿ አረንጓዴ ሆነው ጥቁርና ቢጫ ምልክት አላቸው፤ እንስላልም ይወዳሉ። ለቡናችን ብለው እናቶቻችን የተከሉት ቅጠል ለዚህ አገር ፍጡር ልጅ ማሳደጊያ ሆነ ማለት ነው። በእኛ ቤት ይህ ሲታወቅ ግን ደስታ አልሆነም። እናቴ ትሎቹን ስታይ «ጤና አዳሜን ጨረሱት!» ብላ መቀስ ይዛ ወጣች። ተከራከርን። እሷ የምትለው ትክክል ነው፤ እሷ ኮትኩታ አጠጥታ ያሳደገችው ነው፣ ለጎረቤትም የምታካፍለው ነው። ሶደቃ በሌላ ሰው ንብረት አይሰጥም። በመጨረሻ አንዱን እግር ለትሎቹ ተወችላቸው፣ ሁለቱን በመረብ ሸፈነች። ይኸው አሁንም ለቡና የሚሆን አላጣንም።

ስለ ጎረቤትም ሕግ አለ። ረጅሟ ሚልክዊድ በመሬት ውስጥ ሥሯን እየላከች ወደ ሰው ግቢ ትገባለች፤ ነጩ ፈሳሽም ዓይን ከነካ ይጎዳል። ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት ምን ያህል አደራ እንዳበዙ ታውቃላችሁ። አጥር ለሌለው ግቢ ብርቱካናማዋ ትሻላለች፤ ባለችበት ትቆማለች። በሌላ በኩል ደግሞ መብታችሁን እወቁ። በኮሎምቢያ፣ ሜሪላንድ አንድ ባልና ሚስት ግቢያችሁን ሣር ብቻ አድርጉ ከሚላቸው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጋር ለዓመታት ከተከራከሩ በኋላ፣ ከኦክቶበር 1፣ 2021 ጀምሮ የሚሠራ የሜሪላንድ ሕግ ወጥቷል። እንዲህ ያሉ ማኅበራት በአግባቡ የተያዘ የአበባ ግቢን ያለ በቂ ምክንያት ሊከለክሉ አይችሉም። ሁለት ሰዎች በአበባ ምክንያት የአንድ ስቴት ሕግ መቀየራቸው ለእኛም ትምህርት አለው፤ እኛ ደብዳቤ መጻፍ ትንሽ ይከብደናል።

ጥሩ ኒያ ብቻውንም አይበቃም። አንዳንድ ሱቅ የሚሸጠው ሚልክዊድ ነፍሳት የሚገድል መድኃኒት በውስጡ ሊኖር ይችላል፤ ትሉ በልቶት ይሞታል። ሻጩን ሳትጠይቁ አትግዙ። ቀይና ቢጫ አበባ ያላትን ትሮፒካል ሚልክዊድንም ተዉአት፤ ሞቃት በሆኑት የደቡብ ስቴቶች ክረምቱን ስለማትደርቅ ቢራቢሮዎቹን የሚያሳምም ተውሳክ ይጠራቀምባታል። አገር በቀሎቹን አብበው ማየት የፈለገ ከሰመር ጀምሮ እዚሁ ዊተን ብሩክሳይድ ጋርደንስ ይሂድ፤ መግቢያ አይከፈልበትም።

ዘር ካገኛችሁ በኖቬምበር ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ በትንሹ አፈር አልብሱት፤ ቅዝቃዜ ካላገኘ በደንብ አይበቅልም። ካመለጣችሁ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ወር አስቀምጡት፤ ለእናታችሁ ግን ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሯት። ብርቱካናማዋ ከዘር እስከ አበባ 2 ወይም 3 ዓመት ትወስዳለች። ሥሯ ጥልቅ ስለሆነ አንዴ ከያዘች ቦታ አትቀይሩባት። በስፕሪንግም ከሌሎቹ ዘግይታ ነው የምትወጣው፤ ሞታለች ብላችሁ እንዳትቆፍሯት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ።